የዓባይ ሸለቆና የሕንጣሎ የኖራ ድንጋዮች ዝምድና እንዴት ታወቀ?

በምሥራቅ ጎጃም የቢቸናና የሞጣ ገበሬ የሚያርሰው አፈር ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቁር ድንጋይ በዘመናት ብዛት ፈራርሶ ያስገኘው ነው። ሆኖም ከዚህ ደጋ ሥር ከእሳተ ገሞራው አስቀድሞ የተነጠፈ ሌላ ምድር አለ። ዓባይ ደጋውን ሰንጥቆ በወረደበት፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚያሻግረው መንገድ ግራና ቀኝ፣ የአሸዋ ድንጋይ፣ ጂፕስምና ሸክላማ ድንጋይ፣ ከዚያም ወፍራም የኖራ ድንጋይ ከታች ወደ ላይ ተደራርበው ይታያሉ። በኖራ ድንጋዩ ውስጥ የሚገኙት ዛጎሎች አገሩ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ፣ በጁራሲክ ዘመን ማብቂያ፣ ጥልቀት በሌለው ባሕር ተሸፍኖ እንደነበረ ያስረዳሉ።

ይህ ድንጋይ በሥነ ምድር መጻሕፍት የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይባላል። ስሙ የመጣው ከትግራይ ሕንጣሎ ነው። ዊልያም ብላንፎርድ የተባለው የሥነ ምድር ተመራማሪ በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ ያጠናውን በ1870 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ለድንጋዩ ይህን ስም ሰጠው። ታዲያ ስሙ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚገኘው ለዓባይ ሸለቆ ድንጋይ የተሰጠው በምን ማስረጃ ነው?

የመጀመሪያው ማስረጃ የድንጋዩ ዓይነትና የአነባበሩ ተራ ነው። በሁለቱም ስፍራ የኖራ ድንጋዩ ከአሸዋ ድንጋይ በላይ ይገኛል። ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን አይበቃም። ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ መሀል አገር የገባው ቀስ በቀስ በመሆኑ፣ በአንዱ ስፍራ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ሲከማች በሌላው የኖራ ጭቃ ይዘቅጥ ነበር። ስለዚህ አንድ ዓይነት ድንጋይ ሁልጊዜ አንድ ዕድሜ የለውም።

ሁለተኛው ማስረጃ ቅሪተ አካል ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ስሚዝ የውሃ ቦይ በሚቆፈርበት ሥራ ላይ ሳለ እያንዳንዱ ንጣፍ የራሱ ቅሪተ አካል እንዳለው ተገንዝቦ በ1815 እ.ኤ.አ. ካርታውን አወጣ። ነገር ግን ቅሪተ አካልም ሁሉ እኩል ምስክር አይደለም። አንዳንዱ ዛጎል የሚከተለው ዘመንን ሳይሆን የሚስማማውን የባሕር ወለል ነው። በሰፊው ተሰራጭቶ ቶሎ ቶሎ የተለዋወጠው አሞናይት የተሻለ ምስክር ቢሆንም በዓባይ ሸለቆ ድንጋይ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በመሆኑም ተመራማሪዎች በብራኪዮፖድ፣ በኮራልና በማይክሮስኮፕ በሚታዩት ፎራሚኒፌራዎች መርዳት ግድ ሆነባቸው።

ሁለቱ ማስረጃዎች ሲጣመሩ ዝምድናውም ልዩነቱም ተገለጠ። የኖራ ድንጋዮቹ በጠቅላላው የጁራሲክ መገባደጃ መሆናቸው ሲጸና፣ በዓባይ ሸለቆ ከሥራቸው የሚገኘው ጂፕስምና ሸክላማ ድንጋይ ግን ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ጌታነህ አሰፋ በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የጎሐ ጽዮን ንጣፍ ተብሎ ራሱን ችሎ ተሰየመ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለዕቅድ አውጪም ለመምህርም ይጠቅማል። የጋራ ስም የዕድሜን ቅርበት እንጂ የጥራትን እኩልነት አያመለክትም፤ ለሲሚንቶ የሚፈለግ የኖራ ድንጋይ በየስፍራው ሊመረመር ይገባል። ተማሪዎቹን ወደ ገደሉ የሚወስድ መምህርም ዛጎል ከማስነሣቱ በፊት ከየትኛው ንጣፍ እንደተገኘ ያስጽፍ። ንጣፉ ያልተመዘገበ ቅሪተ አካል ስለ ዘመኑ የሚሰጠው ምስክርነት እጅግ ይጎድላልና።