የዋርሶው ድርጭት

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስለነበረው ቼዝ ሲወሳ የካፓብላንካና የአሌኪን ስም ይቀድማል። ዳቪድ ፕሼፒዩርካን የሚያነሣ ግን እምብዛም የለም። እኔን ወደ እርሱ የሚስበኝ ያሸነፈው ብቻ ሳይሆን ለሌሎች ያበጀው ነው።

ፕሼፒዩርካ እ.ኤ.አ. በ1880 ዋርሶ ውስጥ ከአይሁዳውያን ቤተሰብ ተወለደ። ስሙ በፖላንድኛ ድርጭት ማለት ነው። በ1926 የመጀመሪያውን የፖላንድ ሻምፒዮና ሲያሸንፍ የወጣትነት ዘመኑ አልፎ ነበር። በ1928 ሄግ ላይ በተካሄደው የአማተሮች የዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣ፤ የቀደመው ማክስ ኡቬ ነበር፤ ኡቬም በ1935 አሌኪንን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮንነትን ተቀዳጀ። በ1930 ደግሞ ፕሼፒዩርካ ከሩቢንስታይንና ከታርታኮወር ጋር ተሰልፎ ሃምቡርግ ላይ ፖላንድን ለኦሊምፒያድ ድል አበቃ።

ይሁን እንጂ ልቡ ያረፈው በሌላ ሥራ ላይ ይመስለኛል፤ እርሱም የቼዝ እንቆቅልሽ መድረስ ነው። ደራሲው ጥቂት ጠጠሮችን በሰሌዳው ላይ ያኖርና «ነጭ ተጫውቶ ያሸንፋል» ይላል። መፍትሔው አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ ያለ ሥራ የቆመ ጠጠር ካለም እንደ ጉድለት ይቆጠራል። እንደ ቅኔ ሁሉ፣ ላይ ላዩን የሚታየው አንድ ነው፤ የተሸሸገው ሌላ ነው። እዚህ ተሸናፊ የለም፤ መፍትሔውን ያገኘ ሁሉ ከደራሲው ደስታ ይካፈላል።

ለጋስነቱ በዚህ አላበቃም። «የቼዝ ዓለም» የተባለውን የፖላንድ መጽሔት አዘጋጅቷል፤ በ1935 ዋርሶ ኦሊምፒያዱን ስታስተናግድም ከዋነኞቹ አዘጋጆች አንዱ ነበር።

በ1939 ጀርመኖች ከተማዋን ያዙ። ተጫዋቾቹ ግን በአንድ ካፌ መሰብሰባቸውን አልተዉም። በጥር 1940 ጌስታፖ ካፌውን ከብቦ ያገኛቸውን ሁሉ አሰረ። ከታሳሪዎቹ አንዳንዶቹ ኋላ ተለቀቁ፤ አይሁዳውያኑ ግን አልተመለሱም። ፕሼፒዩርካ በዚያው ዓመት ከዋርሶ ወጣ ብሎ በሚገኘው በፓልሚሪ ደን ተረሸነ። ናዚዎች በዚያ ደን በምሥጢር የገደሏቸው ሰዎች ቁጥር ከ1,700 ይበልጣል።

ገዳዮቹ ድምፁ ከዛፎቹ መካከል እንዳይወጣ ፈልገው ነበር። እንቆቅልሾቹ ግን ዛሬም ይታተማሉ፤ ሰሌዳ ዘርግቶ የሚያስብ ሰው ሁሉ እርሱ ያሰበውን እርምጃ ፈልጎ ያገኛል።