ስምና ቁጥር፦ የኮምፒዩተር አድራሻ ታሪክና «ስም መፍታት» የተባለው ስያሜ

መጥራትና ማግኘት ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። ሰው በስሙ ይጠራል፤ በቤት ቁጥሩ ይገኛል። ስሙ ሳይለወጥ ቤቱን ሊለውጥ፣ ቤቱን ሳይለቅም ሌላ ስም ሊወጣለት ይችላል። በኮምፒዩተር መረብ ሥራ ከሚያጋጥሙት ብልሽቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከእነዚህ ከሁለቱ አለመጣጣም ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጉዳዩን ታሪክ ባጭሩ ማስታወስና፣ በተለምዶ «ስም መፍታት» እየተባለ የተተረጎመው ስያሜ ያስከተለውን ስሕተት መመርመር ነው። ስሕተቱ የራሳችንም ስለ ሆነ አንሸሽገውም።

1. ከስልክ ቁጥር እስከ መረብ ቁጥር

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ቃሉ ክርን ወይም ሽቦን ከሚያመለክተው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። መሣሪያው ስሙን ያገኘው ከድምፁ ሳይሆን ድምፁ ከሚያልፍበት ሽቦ ነው ማለት ነው። «አውታር»ም እንዲሁ ከበገና ጅማት ተነሥቶ ዛሬ የመገናኛ መሥመሮችን ሁሉ ለመጥራት በቅቷል።

በመስከረም ወር 1998 ዓ.ም. የአገሪቱ የስልክ ቁጥሮች ከስድስት አኃዝ ወደ ሰባት፣ የአካባቢ መለያዎቹም ከሁለት አኃዝ ወደ ሦስት ከፍ አሉ። የአዳማ መለያ 02 የነበረው 022 ሆነ። በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ ተከታትለው የሚገኙት ከተሞች በቁጥር ሲታዩ ግን ጎረቤታሞች አይደሉም። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ጋር በ011፣ ሞጆና አዳማ በ022፣ ባቱና ሻሸመኔ በ046 ሥር ይመደባሉ። ከዚህ የምንረዳው የቁጥር አከፋፈል የመሥመሩን አዘረጋግ እንጂ የመንገዱን ቅደም ተከተል የማይከተል መሆኑን ነው።

የኮምፒዩተር መረብ ቁጥርም ጠባዩ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የጸደቀው የአይ.ፒ. ደንብ ለእያንዳንዱ መሣሪያ 32 ሁለትዮሽ አኃዞች ያሉት አድራሻ ደነገገ፤ ከዚህም 4,294,967,296 አድራሻዎች ይገኛሉ። ይህን የሚያህል ቁጥር በጊዜው ከበቂ በላይ መስሎ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1996 በየድርጅቱ ግቢ ውስጥ ብቻ የሚሠሩ፣ ለምሳሌ በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎችን መለየት አስፈለገ። እነዚህን ቁጥሮች የአዳማም የሻሸመኔም መሥሪያ ቤት በየግቢው ሊጠቀምባቸው ይችላል፤ ቀበሌ ሁሉ የየራሱ «ቤት ቁጥር 10» እንዳለው ማለት ነው።

2. የስም መዝገብ አነሣሥ

ሰው ቁጥር ይረሳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመረቡ ኮምፒዩተሮች ስምና ቁጥር አሜሪካ በሚገኘው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ ኤሊዛቤት ፋይንለር በሚመሩት ክፍል፣ በአንድ ዝርዝር ላይ ይመዘገብ ነበር። ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ዝርዝሩን በየጊዜው እየቀዱ ይጠቀሙበታል። መረቡ ሲሰፋ ግን አንድ ዝርዝር የማይበቃ ሆነ፤ ቅጂዎቹም እያረጁ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ መዝገቡን በእርከን የሚከፋፍለውን፣ ዛሬ ዲ.ኤን.ኤስ. የሚባለውን ሥርዐት አቀረበ። አሠራሩ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው መነኸሪያ ወርዶ ቤት እንደሚያፈላልግበት ሥርዐት ነው። መጀመሪያ የጠየቀው ሰው ቤቱን ባያውቅም ሰፈሩን ያሳየዋል፤ የሰፈሩ ሰው ቀበሌውን፣ የቀበሌው ሰው ደጃፉን ያመለክተዋል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1995 «ኢቲ» የተባለውን የአገር መለያ አግኝታለች፤ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተከፈተው ግን በ1989 ዓ.ም. ነው።

ጠያቂው ያገኘውን መልስ ለተወሰነ ጊዜ በማቆያው ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ መዝገቡ ቢለወጥም ጠያቂው በአሮጌው መልስ መሥራቱን ይቀጥላል። ይህ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። አዳማ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ናዝሬት ተብላ፣ በ1992 ዓ.ም. ቀድሞ ስሟ በይፋ ቢመለስላትም፣ ተሳፋሪ ዛሬም በሁለቱም ስሞች ይሳፈራል። ቢሾፍቱና ደብረ ዘይት፣ ባቱና ዝዋይም እንዲሁ ናቸው። መዝገቡ በአንድ ቀን ይለወጣል፤ የሰው ማቆያ ግን በትውልድ ይለካል።

3. የተሳሳተ ትርጉም ያስከተለው

ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዳማ፣ ቅርንጫፉ በባቱ የሆነ አንድ የንግድ ድርጅት የጥገና መመሪያውን ወደ አማርኛ እንድንመልስለት ጠይቆን ነበር። የዋናው ኮምፒዩተር የመረብ ስም «ናዝሬት» ነበር። ኮምፒዩተሩ በአዲስ ተተክቶ አዲስ ቁጥር ሲሰጠውና መዝገቡም ሲታረም፣ አዳማ ያሉት ሠራተኞች ሳይቸገሩ ቀጠሉ። ባቱ ባለ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ግን የስሕተት መልእክት ወጣ። ጥገና ሠራተኛው የእኛን ረቂቅ ቢያይ መልእክቱ «ስሙ አልተፈታም» ተብሎ ተተርጉሟል።

ሠራተኛው «አልተፈታም»ን «አልጸደቀም» ብሎ ተረዳው። የከተማዋ ስም ስለ ተለወጠ የኮምፒዩተሩም ስም መለወጥ አለበት ብሎ አሰበና «ናዝሬት»ን ከመዝገቡ ሰርዞ «አዳማ» አስገባ። የአዳማ ኮምፒዩተሮች በማቆያቸው ባለው መልስ ጥቂት ቆዩና፣ ጊዜው ሲያልፍ አንድ በአንድ ሥራ አቆሙ። በአንድ ኮምፒዩተር የተጀመረው ችግር ግማሽ ቀን ሙሉ ድርጅቱን አስተጓጎለ።

መላው የተገኘው ነገሩን ከሥር ጀምሮ በመመርመር ነው። ሽቦው ደኅና ነው። የባቱው ኮምፒዩተር የራሱ አድራሻ ትክክለኛ ነው፤ በ169.254 ቢጀምር ኖሮ አድራሻ የሚያድለው መሣሪያ መልስ አልሰጠውም ማለት ይሆን ነበር። ወደ ውጭ የሚያወጣው መገናኛም ይመልሳል። የዋናው ኮምፒዩተር ቁጥር በቀጥታ ሲጻፍም ግንኙነቱ ይሳካል። እንግዲህ መንገዱ ክፍት ከሆነ የተበላሸው ስሙን ከቁጥሩ የሚያገናኘው ክፍል ብቻ ነው። በመጨረሻ በዚያ ኮምፒዩተር የግል ዝርዝር ውስጥ ቀድሞ በእጅ የተጻፈ አንድ መሥመር ተገኘ፤ «ናዝሬት»ን ከአሮጌው ቁጥር ጋር ያያይዛል። ኮምፒዩተሩ መዝገቡን ከመጠየቁ በፊት የራሱን ዝርዝር ስለሚያይ፣ የታረመው መዝገብ ለእርሱ እንዳልታረመ ነበር። የስታንፎርዱ ዝርዝር ዘር ባቱ ላይ ተርፎ ነበር ማለት ይቻላል። መሥመሩ ተሰረዘ፤ «አዳማ» ዋና ስም፣ «ናዝሬት» ተለዋጭ ስም ሆነው ሁለቱም ተመዘገቡ።

4. ስለ ስያሜው

በአማርኛ እስረኛ ይፈታል፤ ሕልምና እንቆቅልሽ ይፈታል፤ ትዳርም ይፈታል። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ደግሞ «ፍቺ» የቃል ትርጉም ነው። ከእነዚህ አንዱም ስምን ሰጥቶ አድራሻ መቀበልን አይገልጽም። የባዕዱ ቃል በአማርኛ አቻ ተተካ እንጂ ተግባሩ አልተተረጎመም።

በእኛ አስተያየት ለተግባሩ «ማመላከት»፣ ተግባሩን ለሚፈጽመው «የስም አመላካች» ቢባል ይሻላል፤ መነኸሪያ ላይ የተጠየቀው ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነውና። የስሕተት መልእክቱም «ለዚህ ስም አድራሻ አልተገኘም» ቢባል ጉድለቱ የት እንዳለ ራሱ ይናገራል። ለኮምፒዩተሮች አድራሻ ማደልን በተመለከተ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ማዘጋጃ ቤቶቻችን ለቦታ አሰጣጥ የሚጠቀሙበት «ምሪት» የሚለው ቃል «የአድራሻ ምሪት» ተብሎ ሊያገለግል ይችላል።

የሙያ ቃል የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ አይደለም። ችግር በገጠመው ሰው ፊት ቀርቦ ቀጥሎ ምን መመርመር እንዳለበት ሲያሳየው ነው ቃልነቱ የሚረጋገጠው። የባቱው ጥገና ሠራተኛ ያነበበውን በሚገባ ፈጽሟል፤ ያልፈጸመው የእኛ ቃል ነበር።