አክተሩ ለምን አይስትም?

ልጆች ሳለን የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ካውቦይ ፊልም ሲያሳይ ሁለት የማይሻሩ ሕጎች ነበሩን። አንደኛ፣ አክተር አይሞትም። ሁለተኛ፣ አክተር አይስትም። ፈረሱን እየጋለበ፣ ከጠመንጃው ቃታ ሥር ያለችውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ወደ ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ይተኩሳል፤ ጣሪያ ላይ ያደፈጠው ሽፍታም ዱብ ይላል። አያቶቻችን በሽለላቸው ምንሽርን፣ ለበንንና አልቢንን አወድሰዋል። ይሄኛው ጠመንጃ ግን ወደ እኛ ሰፈር የመጣው በፊልም ነው።

ታዲያ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ያዘን። እውነት ያ ጠመንጃ ያን ያህል ኢላማ ይመታ ነበር? አጭሩ መልስ፦ በቅርብ አዎ፣ ራቅ ሲል ግን እንጃ! ረጅሙ መልስ ይሻላልና አብረን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ ኒው ሄቨን ከተማ፣ በአንድ ሸሚዝ አምራች ነው። ኦሊቨር ዊንቸስተር ከሸሚዝ ያገኘውን ገንዘብ ጠመንጃ ፋብሪካ ላይ አዋለው። በ1860 የፋብሪካው ባለሙያ ቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ ባለማንሻውን ጠመንጃ አወጣ። በዚያ ዘመን አብዛኛው ወታደር ባሩዱንና እርሳሱን በአፈሙዝ ከትቶ፣ በዘንግ ጠቅጥቆ፣ በደቂቃ ሦስቴ ከተኮሰ ጎበዝ ይባል ነበር። የሄንሪ ጠመንጃ ግን አንዴ ከጎረሰ እስከ 16 ጥይት ይተፋል። ማንሻዋ ዝቅ ስትል ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ ከፍ ስትል አዲሱ ጥይት ይገባል። በቃ!

ፍጥነቱ ግን በነጻ አልተገኘም። ጥይቶቹ የሚደረደሩት ከአፈሙዙ ሥር በተገጠመ ረጅም ቧንቧ ውስጥ ነው። በኋላ በመጡት ሞዴሎች ቧንቧውና ከፊት ያለው እንጨት ከአፈሙዙ ጋር በብረት ቀለበት ታሰሩ። ተኩሱ ሲበዛ አፈሙዙ ይግላል፤ የጋለ ብረት ደግሞ ይለጠጣል። የታሰረ ብረት እንደ ልቡ መለጠጥ ስለማይችል ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ያዛባዋል። በዚያ ላይ ጥይቶቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው ነው የሚተኙት። ጫፋቸው ሹል ቢሆን የፊተኛውን ጥይት መቀጣጠያ ወግተው እዚያው ቧንቧው ውስጥ ሊያፈነዱት ይችላሉ። ስለዚህ ጫፋቸው ደልዳላ ተደረገ። ደልዳላ ነገር ደግሞ ከነፋስ ጋር ሲታገል ቶሎ ይደክማል፣ ቶሎም ይወርዳል። ያፈጠነው ነገር ራሱ አሳተው ማለት ነው።

ዊንቸስተር ኩባንያ ስሙን ያስጠራውን ሞዴል በ1873 አወጣ። በ1875 ደግሞ በካታሎጉ ላይ አንድ ብልሃት ይዞ ብቅ አለ። ፋብሪካው አፈሙዞቹን ኢላማ ላይ ይሞክርና በአጋጣሚ ከሁሉ የተሻሉትን ለብቻ ያስቀምጣል። በጣት ጫፍ የምትነካ ቀላል ቃታ ይገጥምላቸዋል፣ ያስጌጣቸዋል፣ «ከሺህ አንድ» ብሎ ይጽፍባቸውና በ100 ዶላር ይሸጣቸዋል። ሁለተኛ የወጡት «ከመቶ አንድ» ተባሉ። ከ7 መቶ ሺህ በላይ ከተሠራው ከዚህ ሞዴል «ከሺህ አንድ» የተባሉት 150 አይሞሉም፤ «ከመቶ አንድ» የተባሉት 8 ብቻ ናቸው። ጄምስ ስቱዋርት የተወነበት የ1950ው ፊልም «ዊንቸስተር 73» የሚያጠነጥነው በዚሁ «ከሺህ አንድ» ዙሪያ ነው። የአክተራችን አለመሳት ምስጢር ይሄው!

ግን ልብ በሉ። ፋብሪካው መረጠ እንጂ አላሻሻለም። የቀሩትን ጠመንጃዎች የሚያስተው ነገር እንዳለ ቀረ።

የአሜሪካ ጦር በበኩሉ ፍጥነቱን አልፈለገም። በ1873 የተቀበለው አንድ በአንድ የሚጎርሰውን፣ ሩቅ የሚመታውን ስፕሪንግፊልድ ነበር። ሰኔ 1876 ሞንታና ውስጥ፣ ሊትል ቢግሆርን ወንዝ አጠገብ፣ የሌተናል ኮሎኔል ጆርጅ ከስተር ፈረሰኞች ይህንኑ ይዘው የላኮታና የሻየን ሕዝቦችን ሰፈር አጠቁ። ከስተርና አብረውት የነበሩት ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። በ1983 ቃጠሎ ሜዳውን ካራቆተው በኋላ አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ የሄንሪና የዊንቸስተር ቀለሆች አገኙ። አገራቸውን ሲከላከሉ ከነበሩት ተዋጊዎች ጥቂት የማይባሉት ባለማንሻውን ታጥቀው ነበር። ያሸነፉት በጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ በቁጥርም ይበልጡ ነበር። ቢሆንም ውጊያው ሲቀራረብ የሩቅ ኢላማ ብዙ አልጠቀመም።

እውነተኛው ማሻሻል የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ ዊልያም ላይማን በትንሽ ቀዳዳ አሾልኮ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ ሠራ፤ ዓይናችን የቀዳዳን መሐል በራሱ ጊዜ ያገኛልና። በ1886 ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ሞዴል በሁለት ወፍራም መቀርቀሪያዎች ስለሚዘጋ ኃይለኛ ጥይት መቻል ጀመረ። የዚሁ ሰው የ1894 ሞዴል ደግሞ ጭስ አልባውን ባሩድ ለመደ። ጥይቱ ሲፈጥን ብዙ አይወርድም፤ ተኳሹ ርቀቱን ትንሽ ቢሳሳትም ይማረዋል። ጃማይካ የተወለደው አርተር ሳቬጅ በ1899 ሞዴሉ ቧንቧውን ጭራሽ ጣለው፤ ጥይቶቹን በሚሽከረከር ካዝና ስላስቀመጣቸው ሹል ጫፍ ቻለ። ለባለቧንቧው መፍትሔ የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው። ጫፉ እንደ ላስቲክ የሚለሰልስ ሹል ጥይት ተሠራለት። የዛሬ ባለሙያዎችም ቀለበቶቹ አፈሙዙን እንዳያንቁት ያላላሉ፣ ቃታውን ያለሰልሳሉ።

ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም «ከሺህ አንዱ የቱ ነው?» ብለው አልጀመሩም። የጠየቁት «ሌላውን ምን አሳተው?» ብለው ነው። እኛ አገር የፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር አንደኛ የወጣውን ልጅ በቴሌቪዥን አይተን እናጨበጭባለን። ጭብጨባው ይገባዋል። የቀሩትን ምን እንዳሳታቸው የምንጠይቀው ግን መቼ ይሆን?