ሰባራ ድልድይና የሞጣ መንገድ
ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ የዓባይን ሸለቆ ወርዳችሁ ስትወጡ ደጀን ትደርሳላችሁ። ትንሽ እልፍ እንዳላችሁ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ዋናው ጎዳና በደብረ ማርቆስ በኩል ይሄዳል፤ በስተቀኝ ያለው ደግሞ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ሞጣን አቋርጦ ባሕር ዳር ይገባል። አጭሩ ይኼኛው ነው። ግን ክረምት ላይ ስንቱን ሹፌር አስለቅሷል!

ጥፋቱ የአፈሩ ነው። የቢቸና ሜዳ ጥቁር መረሬ ነው፤ ለጤፍ ይመቻል፣ ለመንገድ ግን ጠላት ነው። በውስጡ ያለው ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። መሬቱ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ሲል በላዩ የተነጠፈውም አብሮ ይሰበራል። ስለዚህ መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ ጥቁሩን አፈር ቆርጠው አውጥተው በሌላ ይተኩታል።

ሞጣ ስትደርሱ ታሪኩ ይለወጣል። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። የጎንደር ልዕልት እዚህ ድረስ ምን አመጣቸው? ያኔ ሞጣ ጥግ አልነበረችም፤ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ የዓባይ ድልድይ በቅርቧ ነበር። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1632–1667) እንደተሠራ ይነገርለታል። ሰው “የፖርቱጋል ድልድይ” ይለዋል፤ ይገርማል፣ ምክንያቱም ኢየሱሳውያን ሚስዮኖችን ከአገር ያስወጡት እኚሁ ፋሲለደስ ናቸው። ሰዎቹ ሄዱ፣ በኖራ የመገንባት ሙያው ግን ቀረ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ቢቸና የበላይ ዘለቀ አገር ነው፤ ጣሊያን መኪና በሚሄድበት ሲተማመን አርበኛው በገደሉ ይተማመን ነበር። በዚያ ጦርነት የጠላት ጦር እንዳይሻገር የድልድዩ መሐል ተቆረጠ፤ ስሙም “ሰባራ ድልድይ” ሆኖ ቀረ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላም ስብራቱ አልተጠገነም። ከስድሳ ዓመት በላይ ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ማዶ ለማዶ በቆሙ ሰዎች ጉልበት እየተሳበ በአየር ላይ ያልፍ ነበር። ከታች ዓባይ ይጮኻል። ገበያ መሄድ፣ ዘመድ መጠየቅ፣ ሁሉም በዚያች ገመድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የዚህን ገመድ ፎቶ መጽሔት ላይ አየና መጣ። በ2002 ስብራቱ በብረት ተገጠመ። ደስታው ግን አልቆየም፤ በ2005 ጎርፍ ብረቱን ይዞት ሄደ። በ2009 ሌላ ተሠራ፤ በገመድ ብረት የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ። አሁን የተሰቀለው ከፍ ብሎ ነው፣ የክረምቱ ዓባይ እንዳይደርስበት።