አንድ ቋንቋ፣ ብዙ መነሻ፦ ልዩ ልዩ አስተዳደግ ያላቸውን ተማሪዎች በመሐል ሜዳ ማስተማር

ስለ ተማሪዎች ብዝኃነት በአገራችን ሲጻፍ ቀድሞ የሚነሣው የብሔርና የቋንቋ ጉዳይ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከወሰነ ወዲህ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዙሪያ ቆይቷል። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ የመሐል ሜዳ ክፍል ብዙ የሚያነጋግር አይመስልም። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው በዚህች የደጋ ከተማ፣ መምህሩም ተማሪውም የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው፤ መጽሐፉም የተዘጋጀው በአማርኛ ነው። ስለዚህ መምህሩ ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ልጆች ከአንድ ቦታ የተነሡ ሊመስሉት ይችላሉ። ይህ ግምት ግን ልጆቹን ይጎዳል። የቋንቋ አንድነት ሌሎቹን ልዩነቶች ሸፍኖ ስለሚይዛቸው፣ የሚፈልጋቸው ሰው ይጠፋል።

በአንድ የመጀመሪያ እርከን ክፍል ውስጥ ሊቀመጡ የሚችሉትን ልጆች እንያቸው። አንዷ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ናት፤ መዋዕለ ሕፃናት ገብታ ፊደል ለይታ፣ እርሳስ አያያዝ ለምዳ መጥታለች። አጠገቧ ያለው ልጅ እስከ ዘጠኝና ዐሥር ዓመቱ በግ ሲጠብቅ ኖሮ፣ ታናሹ ለእረኝነት ሲደርስለት ነው ለትምህርት የተለቀቀው። ፊደል አይለይም፤ ከመንጋው የጎደለችውን በግ ግን በመልኳ ያውቃታል፣ የውርጩንም ምልክት ከሰማዩ ያነባል። ሦስተኛው ከደብሩ የኔታ ዘንድ ዳዊት የደገመ ልጅ ነው፤ በንባብ ከክፍሉ ሁሉ ይቀድማል፣ በመደመርና በመቀነስ ግን ገና ጀማሪ ነው። አራተኛዋ ከትምህርት በፊት ውሃ የምትቀዳ፣ ከትምህርት መልስ ኩበት የምትለቅምና እናቷን በበግ ፀጉር ፈትል ሥራ የምታግዝ ናት። ገብሱ በሚታጨድበት ወራት ስም ሲጠራ የእረኛውና የእሷ ስም ላይ «ቀሪ» የሚለው ምልክት ይበዛል። በመዝገቡ ላይ ሰነፍ የሚመስሉት ልጆች በዚያው ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው።

ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ ልዩነቱ መልኩን ይለውጣል። ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ስንቁን ከቤተሰቡ እያመላለሰ፣ ራሱ እያበሰለ ይማራል። ስንቅ ሲያልቅ ትምህርት ይቋረጣል። ለሴት ልጆች ደግሞ የኪራይ ቤት ኑሮ የደኅንነት ስጋትም አለበት፤ ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ወደ ከተማ ለመላክ የሚያመነቱትም ለዚህ ነው። የቤት ሥራ አልሠራም ብሎ ተማሪን ከመቅጣት በፊት የት እንደሚያድር፣ ማታ በምን ብርሃን እንደሚያነብ መጠየቅ ከመምህርነት ሙያ ውጭ የሆነ ደግነት መስሎ መታየት የለበትም። ሙያው ራሱ ነው።

ሌላም ቶሎ የማይታይ ልዩነት አለ፤ እርሱም ዝምታ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ያደረገውን ጥናት ይዞ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ የገበሬው ቤተሰብ ልጁን ሲያሳድግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው መታዘዝን እንደሆነ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ሆኖም ከትልቅ ሰው ፊት አለመናገርን እንደ ጨዋነት ተምሮ ያደገ ልጅ ዛሬም ክፍል ውስጥ አለ። «ያልገባው ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ እጁን አያወጣም። የከተማዋ ልጅ ታወጣለች፤ መምህሩም ለእሷ ደግሞ ያስረዳል። በዚህ መንገድ ተሳትፎን የሚያበረታታው ዘመናዊው የማስተማር ዘዴ ሳያስበው ለለመደው ያደላል። ያልገባውን ልጅ ለማወቅ ከጥያቄው ይልቅ ደብተሩን ማየት፣ ጠጋ ብሎም ለብቻው ማስነበብ ይሻላል።

ያለፉት ዓመታት በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ ክፍተት ጨምረዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ተዘጉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ሸዋ ገባ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የብዙ ልጆችን ትምህርት አቋርጧል። ክፍተቱ ለሁሉም እኩል አልደረሰም፤ ዘመድ ያለው ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ተምሯል፣ የሌለው እቤቱ ቀርቷል። ሰሜን ሸዋ ከወለጋ የተፈናቀሉ ቤተሰቦችንም ተቀብሏል። ከልጆቻቸው መካከል ሒሳብና ሳይንስን በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ የተማሩ አሉ። እንዲህ ያለ ልጅ በቤቱ አማርኛ ይናገራል፤ በአማርኛ ግን አላነበበም። ክፍልፋይ የሚያውቀውን ልጅ «ክፍልፋይ» የሚለውን ቃል ማንበብ ስላቃተው ሁለት ክፍል ዝቅ ማድረግ ትልቅ በደል ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚቀበለው ሥርዓት በክፍል ደረጃ የተሰፈረ ነው። የ1986ቱ ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ተማሪው በተከታታይ ምዘና እየታገዘ ሳይደግም እንዲያልፍ ፈቅዶ ነበር። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ልጅን በሰባት ዓመቱ «ወዳቂ» ማለት ተገቢ አይደለም። ምዘናው ግን ምልክት ከመሙላት አልፎ ድጋፍ ስላላስከተለ ክፍተቱ ከልጁ ጋር አብሮ አለፈ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከሦስት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ያህል ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻለ አሳይቷል።

መንዝ መነሻቸው የተለያየ ልጆችን ባንድ ጊዜ የማስተማር የቆየ ልማድ አላት። በቄስ ትምህርት ቤት አንድ የኔታ በአንድ ጥላ ሥር ፊደል የሚቆጥረውን፣ አቡጊዳ የሚለውን፣ መልእክተ ዮሐንስ የያዘውንና ዳዊት የሚደግመውን በአንድነት ያስተምራል። ማንም ከሌላው ጋር እኩል እንዲሄድ አይጠበቅም። ንባቡም በደረጃ ነው፤ ከግእዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ ልጁ የሚሸጋገረው ሲያውቅ ብቻ ነው። የኔታ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያዳርስ ስለማይችል፣ ዳዊት የሚደግመው ለመልእክተ ዮሐንሱ፣ እርሱም ለፊደል ቆጣሪው ያስጠናል። በአጎራባቹ የኤፍራታና ግድም ወረዳ የቁርኣን ተማሪውም ሎሑን ይዞ በየራሱ እርምጃ ይሄዳል። እዚህ ላይ መሸፋፈን አያስፈልግም፦ ይህ ትምህርት በቃል መያዝን ያስበለጠ፣ ዱላ የማይለየው፣ ሴት ልጆችን በብዛት ያላስተናገደ ነበር። ይዘቱንና ቅጣቱን ወደ ዘመናዊው ክፍል እናምጣ የሚል የለም። አደረጃጀቱ ግን ሊጠና ይገባዋል፤ ልጁን የሚመድበው በዕድሜው ሳይሆን በሚያውቀው ነውና።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. በየትምህርት ቤቱ የተዘረጋው፣ ተማሪዎችን በአንድ ጎበዝ ተማሪ መሪነት የሚያቧድነው «አንድ ለአምስት» ተመሳሳይ ሐሳብ ይመስል ነበር። ያልሠመረው መሪው ቋሚ፣ ተመሪዎቹም ቋሚ በመሆናቸው ይመስለኛል። ጎበዙ ዓመቱን ሙሉ ጎበዝ፣ ደካማውም ዓመቱን ሙሉ ደካማ ተብሎ ይቀመጣል። አደረጃጀቱ ከሪፖርትና ከስብሰባ ጋር መቆራኘቱም ጎድቶታል። በቄስ ትምህርት ቤት ግን አስጠኚው ራሱ ከበላዩ ካለው ይማራል፤ ፊደል ቆጣሪውም በወራት ውስጥ ለአዲስ መጪ አስጠኚ ይሆናል። ዳዊት የደገመው ልጅ ለእረኛው ንባብ ቢያስጠና፣ የከተማዋ ልጅ ደግሞ ለዳዊት ደጋሚው ሒሳብ ብታሳየው፣ ማንም ለሁልጊዜ ተረጂ አይሆንም።

በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት የቀየሰው ዘዴ ልጆችን በሚያውቁት መመደብ በዘመናዊ ክፍል ውስጥም እንደሚቻል ያሳያል። ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ከቀኑ ጥቂት ሰዓት ክፍላቸውን ትተው በንባብና በሒሳብ ችሎታቸው ይመደባሉ፤ ሲያሻሽሉም ቡድን ይቀይራሉ። ዘዴው ወደ አፍሪካ አገሮችም ተዛምቷል። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ይዞ በሚያስተምርበት አሠራር ከቀኑ አንዱን ሰዓት ለዚህ ማዋል ከባድ አይደለም። የቦታው ዕውቀትም ይረዳል፤ የጓሳ ሣር፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የመማሪያ ምሳሌ ሲሆኑ እረኛው ልጅ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከሁሉ የቀደመ ተማሪ ይሆናል።

ልጆችን በችሎታቸው ለመመደብ አስቀድሞ የእያንዳንዱን ደረጃ ማወቅ ያስፈልጋል። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መስፈርት በክፍል 50 ተማሪ ነው። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ሁለት ደቂቃ ማስነበብ መቶ ደቂቃ ይወስዳል፤ ክፍሉ ከመስፈርቱ በላይ ቢጨናነቅ እንኳ በመስከረም ሁለት ሳምንታት ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው። ውጤቱ በስም መጥሪያው ላይ መስፈር አለበት። ከስም፣ ከጾታና ከዕድሜ ቀጥሎ ልጁ የሚያነበው እስከ ምን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚኖርና ቀድሞ በምን ቋንቋ እንደተማረ የሚጻፍባቸው ሦስት ዓምዶች ይበቃሉ። መምህሩ ቢዛወር እንኳ በጥር ወር የሚተካው መምህር ከወለጋ የመጣው ልጅ ቀድሞ የተማረው በአፋን ኦሮሞ እንደሆነ ከመዝገቡ ያገኘዋል።