የቀመሱት ሌላ፣ የቀረበው ሌላ

ፕሮግራመር የጻፈውን ኮምፒዩተር እንዳለ ተቀብሎ አይሠራበትም። መጀመሪያ ኮምፓይለር የሚባለው አስተርጓሚ ወደ ማሽን ቋንቋ ሊመልሰው ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው፦ የተጻፈውና የተተረጎመው። ሁለቱ ሳይታወቅ ሲለያዩ የሚመጣው ጣጣ አንድ ትልቅ መሣሪያ አስወልዷል፤ ታሪኩን ባነበብሁ ቁጥር ይገርመኛል።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1976፣ ቦታው በአሜሪካ የሚገኘው ቤል ላብራቶሪ ነው። ስቲቭ ጆንሰን የተባለ ፕሮግራመር ዕድሉን እየረገመ ወደ ባልደረባው ወደ ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ ዘው ይላል። ጠዋቱን ሙሉ የአንድ ፕሮግራም ስሕተት ሲፈልግ አርፍዷል። ለካስ ስሕተቱ ቀደም ብሎ ታርሟል! የታረመው ጽሑፍ እንደገና ስላልተተረጎመ፣ ሰውየው ሲሞክር ያረፈደው አሮጌውን ትርጉም ነበር። ፌልድማንም በዋዜማው ምሽት በዚያው ዓይነት ጣጣ ሲዳክር አምሽቶ ነበርና ነገሩ ወዲያው ገባው። «ሜክ» የተሰኘውን መሣሪያ ሠራ። ሜክ ጽሑፉና ትርጉሙ የተለወጡበትን ሰዓት ያስተያያል፤ ጽሑፉ የኋለኛ ሆኖ ካገኘው ያንኑ ብቻ እንደገና ያስተረጉማል። ሲያዩት ቀላል ነው፤ ቢሆንም ኤ.ሲ.ኤም. የተባለው የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር በ2003 ሸልሞበታል። ፕሮግራመሮችም ውለው አድረው «ሜክ ቴስት» በሚል አንድ ትእዛዝ ማስተርጎሙንም መሞከሩንም አብሮ ማስኬድ ልማድ አደረጉት።

ጣጣው ግን በሌላ በር ተመለሰ፤ ያውም በዚህ ጊዜ ሆን ተብሎ። የመጀመሪያው የረጋ እትሙ በ2015 የወጣውን ረስት የተባለ ቋንቋ እንውሰድ። የግንባታ መሣሪያው ካርጎ ይባላል። «ካርጎ ቴስት» ተብሎ ሲታዘዝ ፕሮግራሙን ለሙከራ በሚሆን አኳኋን ያስተረጉማል። ከፕሮግራሙ ጎን ለሙከራ ብቻ ተብለው የተጻፉት መስመሮች የሚካተቱት ያን ጊዜ ነው፤ ለደንበኛ በሚሄደው ውስጥ የሉም። ይህ ደግ ነው፤ ቤቱ ሲያልቅ መወጣጫ እንጨቱን እንደ ማንሣት ያለ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ልዩነት ነው። ከ0 እስከ 255 ብቻ በሚይዝ የቁጥር ቦታ፣ 255 ላይ 1 ሲደመር የሙከራው ትርጉም ጮሆ ይቆማል። ለደንበኛ የሚሄደው ግን፣ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ ድምፁን አጥፍቶ 0 ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ምክንያቱ ፍጥነት ነው፤ በየድምሩ መፈተሽ ጊዜ ይበላል። እንግዲህ በሙከራ ጊዜ 255 ላይ የደረሰ ካልነበረ፣ ደንበኛው ሲደርስበት የሚጮህለት የለም። ከአንዱ ድስት ቀምሶ ከሌላው ማቅረብ ይሏል ይህ ነው።

መድኃኒቱ እዚያው ካርጎ ውስጥ አለ። ትእዛዙ ላይ «ሪሊስ» የሚል ቃል ከተጨመረ ሙከራው ለደንበኛ በሚሄደው አኳኋን ተተርጉሞ ይካሄዳል። ፍተሻው በመጨረሻው ትርጉም ውስጥም እንዲቆይ ማዘዝ ይቻላል፤ አንድ መስመር ይበቃል። ፍጥነቱ ጥቂት ይቀንስ ይሆናል። ቢሆንም እኔ ብጠየቅ፣ የሰው ደሞዝ ወይም የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ፕሮግራም ያለዚያች መስመር ከደጅ እንዲወጣ አልፈቅድም።