የክላሲካል ጊታር ትምህርት

የክላሲካል ጊታር ትምህርት ባለ ስድስት ክር የሆነውን የናይለን ጊታር በጣትና በጥፍር እየነኩ፣ ኖታ እያነበቡ፣ በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚማሩበት የሙዚቃ ዘርፍ ነው። ትምህርቱ በከፍተኛ ደረጃ የሚሰጠው ኮንሰርቫቶሪ በሚባሉ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ነው። ፒያኖና ቫዮሊን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእነዚህ ተቋማት የጸና ስፍራ ሲይዙ፣ ጊታር በአብዛኞቹ ዘንድ እንደ ሙሉ የትምህርት ዘርፍ የተቆጠረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በኢትዮጵያም ክራር፣ ማሲንቆና በገና ከቤትና ከመንደር ወጥተው ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገቡት በዚያው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ የጊታር ታሪክ በጆሮ ይተላለፍ የነበረ መሣሪያ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚጎድልበት ለመረዳት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሣሪያው

የዛሬው ክላሲካል ጊታር ቅርጹን ያገኘው ከስፔናዊው መሣሪያ ሠሪ ከአንቶኒዮ ዴ ቶሬስ (1817–1892) ነው። ቶሬስ የጊታሩን ሆድ አሰፋ፤ የፊት ሰሌዳውን ከውስጥ የሚደግፉትን ቀጫጭን እንጨቶች እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ አደራጀ፤ የሚነዝረውን የክር ርዝመትም ወደ 65 ሴንቲ ሜትር አመጣው። ይህ ልኬት እስከ ዛሬ መደበኛው ነው። ክሮቹ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ። ኖታው በሶል ቁልፍ ይጻፋል፤ የሚሰማው ድምፅ ግን ከተጻፈው በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ነው።

ቀድሞ ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ከእንስሳት አንጀት ይሠሩ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አንጀት እጥረት ስለገጠመው፣ በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው አልበርት ኦገስቲን በ1940ዎቹ የናይለን ክር ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። በኢትዮጵያ «ቦክስ ጊታር» የሚለው ስም ማጉያ ለማይፈልግ ጊታር ሁሉ ይሰጣል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የብረት ክር ያላቸው ስለሆኑ ከክላሲካል ጊታር ይለያሉ። የብረት ክር ሲወጠር ከናይለን የበለጠ ኃይል ስለሚያሳርፍ፣ ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ ቢታሰር ድልድዩን ሊነቅል ወይም አንገቱን ሊያጎብጥ ይችላል።

ወደ ኮንሰርቫቶሪ የገባበት መንገድ

«ኮንሰርቫቶሪ» የሚለው ቃል የመጣው ወላጅ አልባ ሕፃናትን ከሚያሳድጉ የጣሊያን መጠለያዎች ስም ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኔፕልስ የተቋቋሙት እነዚህ መጠለያዎች ውሎ አድሮ ሕፃናቱን ሙዚቃ ያስተምሩ ጀመር። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃም ተመሳሳይ ምዕራፍ አለው። በ1924 ራስ ተፈሪ (በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ) ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» ተብለው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የንጉሣዊው ቤተ መንግሥት የማርሽ ባንድ ሆነዋል።

የፓሪስ ኮንሰርቫቶሪ በ1795 ሲቋቋም የተጀመረው የመማሪያ ሥርዓት ለሌሎች አገሮች አርአያ ሆነ። ጊታር ግን ለረጅም ጊዜ ከደጅ ቀረ። የመጀመሪያው ምክንያት ድምፁ ነው፤ ጊታር ለስላሳ ስለሆነ በትልቅ አዳራሽና በኦርኬስትራ መካከል ይዋጣል። ሁለተኛው ምክንያት ለጊታር የተጻፉት ሥራዎች በአብዛኛው የራሳቸው የጊታር ተጫዋቾች ድርሰቶች መሆናቸው ነው፤ ታላላቆቹ የሲምፎኒ ደራሲያን ለመሣሪያው አልጻፉም ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ምክንያት ስሙ ነው፤ ጊታር የመጠጥ ቤትና የመንገድ መሣሪያ ተደርጎ ይታይ ነበር።

ፈርናንዶ ሶር (1778–1839) በ1830 በፓሪስ ያሳተመው የጊታር ዘዴ መጽሐፍና ማውሮ ጁሊያኒ (1781–1829) ያዘጋጃቸው 120 የቀኝ እጅ መልመጃዎች ዛሬም ያገለግላሉ። ሁለቱም ግን ያስተማሩት በግል ነበር። ፍራንሲስኮ ታሬጋ (1852–1909) በ1874 ማድሪድ ኮንሰርቫቶሪ ሲገባ የተማረው ሶልፌጅ፣ ፒያኖና ሃርመኒ ነው። የፒያኖ ድርሰቶችን ወደ ጊታር እያዛወረ የዘመናዊውን አጨዋወት መሠረት የጣለው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድሬስ ሴጎቪያ (1893–1987) ጊታርን በዋናነት ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነበር። በዓለም ታላላቅ አዳራሾች ብቻውን በመጫወት፣ ጊታር ተጫዋች ያልሆኑ ደራሲያን ለመሣሪያው እንዲጽፉ በማግባባትና ከ1950 ጀምሮ በጣሊያን ሲየና ከተማ በማስተማር የተቋማቱን በር አስከፈተ። በማድሪድ ኮንሰርቫቶሪ በ1935 የጊታር መምህርነት ለረሂኖ ሳይንስ ዴ ላ ማሳ ተሰጠ፤ በ1940 የሆአኪን ሮድሪጎን «ኮንሲየርቶ ዴ አራንኹዌዝ» በባርሴሎና ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተውም እርሱ ነው።

በሌሎች አገሮች ለውጡ ዘገየ። እንግሊዛዊው ጁሊያን ብሪም (1933–2020) በለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦቭ ሚውዚክ ሲማር በኮሌጁ የጊታር ትምህርት አልነበረም። ከእርሱ በኋላ የገባው ጆን ዊሊያምስም ፒያኖ ለማጥናት ተገደደ፤ ሲመረቅ ግን ኮሌጁ የጊታር ክፍል እንዲያቋቁም ጠየቀው። በፓሪስ ኮንሰርቫቶሪ አሌክሳንደር ላጎያ በ1969፣ በኒው ዮርኩ ጁሊያርድ ሻሮን ኢዝቢን በ1989 የጊታር ትምህርት ጀመሩ።

የትምህርቱ ይዘት

ወደ ኮንሰርቫቶሪ የሚገባ ተማሪ በአብዛኛው የመግቢያ ፈተና ይሰጠዋል፤ ያዘጋጀውን ሥራ ይጫወታል፣ ያላየውን ኖታ ያነባል፣ የጆሮ ፈተና ይወስዳል። ከገባ በኋላ የትምህርቱ እምብርት በሳምንት አንድ ጊዜ ከመምህሩ ጋር ለብቻው የሚያደርገው ክፍለ ጊዜ ነው።

የቀኝ እጅ ጣቶች በስፔንኛ ስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ይጠራሉ፤ «ፒ» አውራ ጣት፣ «አይ» ሌባ ጣት፣ «ኤም» መሐል ጣት፣ «ኤ» የቀለበት ጣት ነው። ትንሿ ጣት በአብዛኛው ሥራ የላትም። ክር የሚነካው በሁለት መንገድ ነው። በ«አፖያንዶ» ጣቱ ክሩን ነክቶ በሚቀጥለው ክር ላይ ያርፋል፤ ድምፁም ይወፍራል። በ«ቲራንዶ» ጣቱ ከነካ በኋላ በአየር ላይ ይቀራል፤ ይህ ኮርድን በትኖ ለመጫወት ይመቻል። የድምፁ ጥራት በጥፍር አቆራረጥ ላይ ስለሚወሰን ተማሪዎች የቀኝ እጃቸውን ጥፍር አሳድገው በሞረድ ያስተካክላሉ። የግራ እጃቸውን ጥፍር ግን አሳጥረው ይቆርጣሉ።

በአቀማመጥ ረገድ ጊታሩ በግራ ጭን ላይ ያርፋል፤ ግራ እግር በአነስተኛ መቆሚያ ከፍ ይላል። ይህ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ ግራ እጅ ያለ ጭንቀት እንዲንቀሳቀስ ያደርጋል። አቀማመጥ የመዋቢያ ጉዳይ አይደለም፤ ለዓመታት በተጣመመ አንጓ የሚለማመድ ተማሪ ጅማቱን ሊጎዳና ሙያውን ሊያጣ ይችላል።

ከስኬልና ከአርፔጂዮ ቀጥሎ የሚመጡት ኤቱድ የሚባሉ የመልመጃ ድርሰቶች ናቸው። በተለምዶ ከሶርና ከማቴዎ ካርካሲ ተጀምሮ ወደ ሊዮ ብራወር፣ ከዚያም ወደ ብራዚላዊው ኤይቶር ቪላ-ሎቦስ 12 ኤቱዶች ይደረሳል። ለመድረክ ደግሞ ከባህ የሉት ሥራዎች እስከ ዘመናችን ድርሰቶች ይጠናሉ። ከመሣሪያው ጎን ሶልፌጅ፣ ሃርመኒ፣ የሙዚቃ ታሪክና የቡድን ጨዋታ ይሰጣሉ። ጊታር ተማሪ ኦርኬስትራ ውስጥ መደበኛ ወንበር ስለሌለው ከሌሎች ጋር ጊዜ ጠብቆ መጫወትን የሚማረው በዋናነት በዚህ የቡድን ጨዋታ ነው።

በኢትዮጵያ

በሥርዓት የተዋቀረ የሙዚቃ ትምህርት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ቤት፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የቅዱስ ያሬድ ነው የሚባለውን ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የተሰኘ ዜማ ለዘመናት ሲያስተምር ኖሯል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቶቹን አደራጁ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥና ድፋት ይባላሉ። ድጓ የሚያጠና ተማሪ በደቡብ ጎንደር በምትገኘው ቤተልሔም ቀርቦ ካልተመሰከረለት ትምህርቱ እንደተሟላ አይቆጠርም። ምልክቱ ግን ዜማውን የሚያውቀውን ሰው ያስታውሳል እንጂ የማያውቀውን አያስተምርም፤ ተማሪው ዜማውን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነው። የጊታር ኖታም የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ ቢናገርም የድምፁን ቀለም የሚያሳየው የመምህሩ እጅ ነው።

በቅዱስ ያሬድ ስም የተሰየመውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በአገሪቱ አንጋፋው የሙዚቃ ተቋም ነው። ከመጀመሪያዎቹ ኃላፊዎቹ አንዱ የሙዚቃ ተመራማሪውና ደራሲው አሸናፊ ከበደ (1938–1998) ናቸው። ከቡልጋሪያ የመጡ መምህራን ለረጅም ጊዜ አስተምረውበታል። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም ከዚህ ትምህርት ቤት ተነሥቶ በሶፊያ ተምሯል። ከምዕራባውያን መሣሪያዎች ጎን ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ይሰጣሉ። ዓለሙ አጋ ከ1972 እስከ 1980 በገና አስተምረዋል። እርሳቸው በገናን የተማሩት በልጅነታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነበር፤ ከግቢ የተማሩትን በክፍል አስተማሩ።

ጊታር በኢትዮጵያ በይበልጥ የታወቀው በዘፈን ባንዶችና በመዝሙር ነው። ብዙ ወጣቶች ጊታርን የሚጀምሩት በኮርድ አጃቢነት፣ በጆሮ ነው። ይህ ጆሮ ለክላሲካል ትምህርት ትልቅ ስንቅ ቢሆንም በራሱ አይበቃም፤ አንድ ተጫዋች ዜማውን፣ ባሱንና መካከለኛውን ድምፅ በአንድ እጅ አጣምሮ እንዲያሰማ የሚጠይቅ ሥራ ኖታ ማንበብን ግድ ይላል።

ቅኝቶች በጊታር ላይ

ጊታር በአንገቱ ላይ ፍሬት የተባሉ ብረቶች ስላሉት እያንዳንዱ ድምፅ በግማሽ ቃና ልዩነት ተወስኗል። በ65 ሴንቲ ሜትር ክር ላይ የመጀመሪያው ፍሬት ከክሩ መነሻ 3.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ 12ኛው ፍሬት ክሩን ለሁለት ይከፍለዋል። አራቱ ዋና ቅኝቶች በአንድ ክር ላይ፣ ክፍት ክሩ 0 ተብሎ ሲቆጠር፣ በሚከተሉት ፍሬቶች ይገኛሉ፦

ትዝታ፦ 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 12
ባቲ፦ 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፣ 12
አምባሰል፦ 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፣ 12
አንቺሆዬ፦ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9፣ 12

ትዝታና ባቲ ሦስተኛው ወይም ሌላ ድምፅ ዝቅ የሚልባቸው ሌሎች መልኮችም አሏቸው። የክራር ተጫዋች አውታሮቹን የሚቃኘው በጆሮው ስለሆነ አንዳንዱን ድምፅ ከፍሬቱ ልክ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ፍሬት ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ በጊታር የሚጫወት አንቺሆዬ በክራር ከሚሰማው ጋር ቢመሳሰልም ፍጹም አንድ አይሆንም። በምትኩ ጊታር ቅኝቱን ከአንድ መነሻ ድምፅ ወደ ሌላ ሳይቃኙ ማዛወርና ከሥሩ ሌላ ድምፅ ማስከተል ያስችላል። የኢትዮጵያን ዜማ ለክላሲካል ጊታር የሚያዘጋጅ ሰው የሚመዝነው ይህንን ትርፍና ኪሳራ ነው።

ልምምድና አያያዝ

ጊታር ከፒያኖ የሚለይበት አንዱ ጥቅም ከተማሪው ጋር መጓዙ ነው። ፒያኖ የሚያጠና ተማሪ ቤቱ ፒያኖ ከሌለው ልምምዱ በትምህርት ቤቱ የመለማመጃ ክፍልና ሰዓት ይወሰናል። እንደ አቃቂ ባሉ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻዎች የሚኖር ተማሪ ወደ መሐል ከተማ ለመድረስ ረጅም መንገድ አለው፤ በ2015 ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመርም የሚደርሰው እስከ ቃሊቲ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ማታ ቤት ውስጥ ጎረቤት ሳይረብሽ የሚለማመድበት መሣሪያ መያዝ ትምህርቱን የሚያስቀጥል ነገር ነው።

ሙሉ በሙሉ ከእንጨት የተሠራ ጊታር ከ45 እስከ 55 በመቶ የአየር እርጥበት ይስማማዋል። በበጋ ወራት አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ስለሚኮማተር የፊት ሰሌዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። መሣሪያውን ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ አርቆ ማኖርና በሣጥኑ ውስጥ፣ እንጨቱን እንዳይነካ ተጠንቅቆ፣ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ በቀዳዳ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል። ድምፃቸው የደነዘዘ ወይም በፍሬቶቹ ላይ ትክክል የማይሰጡ ክሮች ሲገኙ ስድስቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር ይመረጣል፤ አዲስ የናይለን ክር እየተለጠጠ ስለሚረግብ ለጥቂት ቀናት ደጋግሞ መቃኘት ያስፈልገዋል።